ለጀማሪ ነጋዴ የተጻፈ ምክር፦ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ

ነጋዴን የሚመክሩ መጻሕፍት ዕድሜ ጠገብ ናቸው። የኢጣልያ ነጋዴዎች በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ሚዛንና ስለ ምንዛሪ መመሪያ ይጽፉ ነበር፤ ቤኔዴቶ ኮትሩሊ በ1458 ያዘጋጀው ሥራ ደግሞ ከሒሳብ አያያዝ አልፎ ነጋዴ እንዴት ያለ ሰው መሆን እንዳለበት ያትታል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማለዳ መነሣት፣ ጊዜን መቆጠብ፣ ዕቅድ መጻፍ፣ ልማድን መግራት የሚለው ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩና በየሥልጠና አዳራሹ የሚሰማው ምክር ግን ቅርጹን የያዘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ነው። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ አንድ ሰው የግል ጥረት ነው፤ የተወለደው ግን ሰዎች ተሰብስበው ከሚማከሩበት፣ ከሚመሰካከሩበትና ከሚበዳደሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ወደ አንባቢው የተሻገረው መጽሐፉ ብቻ ነው።

ዳንኤል ዴፎ ለእንግሊዝ ባለሱቆች የጻፈው መመሪያ በ1725 ሲታተም ደራሲው ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። መጽሐፉ ለወጣት ነጋዴ የተላኩ ደብዳቤዎች መልክ አለው። ነጋዴው ከሱቁ እንዳይጠፋ፣ መዝገቡን ሳያሳድር እንዲሞላ፣ ደብዳቤውን በተራ ቋንቋ እንዲጽፍ፣ ሚስቱም የንግዱን ነገር እንድታውቅ ይመክራል። ሱቃቸውን በመስታወትና በወርቅ ቅብ ለማሳመር መነሻ ገንዘባቸውን የሚጨርሱ ሰዎች በተለይ ያበሳጩታል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ዱቤ ነው። በዘመኑ ለንደን ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው፣ ቸርቻሪውም ለደንበኛው በዱቤ ይሰጥ ስለነበር ስሙ የጎደፈ ነጋዴ ሸቀጡ ሳያልቅ ሊከስር ይችል ነበር። ዴፎ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል፤ በ1692 በ17,000 ፓውንድ ዕዳ ከስሯል። ከውድቀቱ በፊት ከሞካከራቸው ንግዶች አንዱ ዝባድ ነበር። የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ለዘመናት በቀንድ እየሞሉ ወደ ቀይ ባሕር ያወረዱትን ይህን ሽቶ ለንደን ዳርቻ ላይ ለማምረት ብሎ ሰባ ያህል ጥሪኞች በተበደረው ገንዘብ ገዝቶ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከስሮ መካሪ የሆነ ሰው ዴፎ ብቻ አይደለም።

ምክሩን ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የሰጠው የፊላዴልፊያው አታሚ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በ1706 ቦስተን ውስጥ ከሳሙናና ጧፍ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ውሉን አፍርሶ ኮበለለ። በ1728 ከአንድ ሸሪኩ ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት ሲከፍት የመሣሪያውን ዋጋ ለመሸፈን የተነሣው የሸሪኩ አባት ነበር። ከተማዋ አስቀድሞ ሁለት አታሚዎች ስለነበሯት ሦስተኛው ብዙም አይቆይም የሚሉ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም።

ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ኩዌከር የተባሉት ፕሮቴስታንቶች ታሪክ ነበር፤ አርባ ሉህ ያህል ደረሳቸው። ፍራንክሊን በቀን አንድ ሉህ ፊደል ይለቅማል፣ ሸሪኩ ያትማል። በመሐል ትናንሽ ትእዛዞች ስለሚገቡ ለነገ የሚያስፈልገውን ፊደል ወደየሳጥኑ መልሶ ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል፤ አንዳንዴም ያልፋል። አንድ ማታ ሥራ አበቃሁ ብሎ ሊነሣ ሲል የተለቀመው ፊደል ተናደና ሁለት ገጽ ተደበላለቀ። ፊደሉን በትኖ እንደገና ሳይለቅመው አልተኛም። ይህን ጎረቤት ያይ ነበር። የከተማው ነጋዴዎች ማታ ማታ በሚገናኙበት ክበብ አዲሱ ማተሚያ ቤት ይከስራል የሚል ወሬ ሲነሣ አንድ ሐኪም ተቃወመ፤ ከክበቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያን ወጣት ሥራ ላይ እንደሚያየው፣ ጎረቤቱ ከእንቅልፉ ሳይነቃም ሥራ እንደሚጀምር ተናገረ። ከሰሚዎቹ አንዱ ብዙም ሳይቆይ የጽሕፈት ዕቃ በዱቤ ላቅርብላችሁ ብሎ መጣ።

ፍራንክሊን ትምህርቱን ወዲያው ያዘ። ትጋት ሥራ ያስጨርሳል፤ የታየ ትጋት ደግሞ ዱቤ ያስገኛል። ስለዚህ አለባበሱን ተራ አደረገ፣ ከአደንና ከዓሣ ማጥመድ ራቀ፣ የገዛውን ወረቀት በእጅ ጋሪ እየገፋ በአደባባይ ወደ ቤቱ ይወስድ ጀመር። መጽሐፍ አልፎ አልፎ ከሥራ ቢያስተጓጉለውም ያ በጓዳ ስለሚሆን ሐሜት እንዳላመጣበት በግልጽ ጽፏል። በ1748 ለወጣት ነጋዴ የጻፈው አጭር ምክር ጊዜን ከገንዘብ እኩል ባደረገው ሐሳቡ ይታወቃል፤ ጠቃሚ የሚባለው ክፍል ግን ስለ አበዳሪ የሚናገረው ነው። ገና ሳይነጋ የተበዳሪውን መዶሻ የሰማ አበዳሪ ወራት ይታገሣል፤ በሥራ ሰዓት ጠጅ ቤት ውስጥ ድምፁን የሰማ ግን ገንዘቡን ለመጠየቅ አንድ ቀን አያድርም። በማለዳ ተነሥ የሚለው ምክር መነሻው እንግዲህ የጤና ወይም የመንፈስ ጥንካሬ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ባንክ በሌለበት ከተማ የዱቤ መያዣ ነበር።

ከማተሚያ ቤቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1727፣ ፍራንክሊን ጁንቶ የተባለ ክበብ አቋቁሞ ነበር። አባላቱ ዓርብ ማታ የሚገናኙ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ናቸው፤ መስታወት ገጣሚ፣ ጫማ ሠሪ፣ አናጢ፣ መሬት ቀያሽ፣ ሰነድ ገልባጭ፣ የነጋዴ ጸሐፊ። በየስብሰባው የሚነበቡ ቋሚ ጥያቄዎች ነበሯቸው። በቅርቡ ከከተማው ሰው ማን ከሰረ፣ በምን ምክንያት? ማንስ እየበለጸገ ነው፣ በምን መንገድ? ሊበረታታ የሚገባው ጀማሪ አለ ወይ? የኩዌከሮቹን ሥራ ለፍራንክሊን ያመጣለት ሰነድ ገልባጩ ነው። የሸሪኩ አባት የመሣሪያውን ቀሪ ዋጋ መክፈል አቅቶት አቅራቢው ክስ ሲመሠርትም ሁለት የክበቡ አባላት አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ ሳይጠየቁም፣ ገንዘብ ይዘው መጡ። ፍራንክሊን ከሁለቱም እኩል ተበደረ፤ ዕዳውን ከፍሎ፣ የሸሪኩን ድርሻ ገዝቶ በ1730 ብቸኛ ባለቤት ሆነ። ያ ብድር ባይኖር ስለ ትጋቱ የሚጻፍ መጽሐፍ መኖሩ ያጠራጥራል።

የዛሬ መካሪዎች ግን ከጁንቶ ይልቅ አንዲት ትንሽ ደብተሩን ይወዳሉ። ፍራንክሊን በወጣትነቱ አሥራ ሁለት ምግባሮችን መረጠ፤ መጥኖ መብላትና መጠጣት፣ ዝምታ፣ ሥርዓት፣ ቆራጥነት፣ ቁጠባ፣ ትጋት ከእነዚህ ይገኙባቸዋል። አንድ የኩዌከር ወዳጁ በሰው ዘንድ ትዕቢተኛ ተብሎ እንደሚታማ ቢነግረው ትሕትናን አሥራ ሦስተኛ አድርጎ ጨመረ። ለእያንዳንዱ ምግባር አንድ ገጽ መድቦ በቀይ ቀለም ሰባት ዓምድ አሰመረበት፤ ማታ ራሱን እየመረመረ ለየጥፋቱ ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር። በሳምንት አንዱን ምግባር በተለይ ይጠብቃል፤ አሥራ ሦስቱ በአሥራ ሦስት ሳምንት ያልቃሉ፤ በዓመት አራት ዙር ይሆናል። ነጥቦቹን እየፋቀ ደብተሩን ደጋግሞ ሲጠቀምበት ወረቀቱ ተበሳሳ። ከዚያ ወዲያ በዝሆን ጥርስ ገጾች ላይ በማይለቅ ቀይ ቀለም አስምሮ ነጥቡን በእርሳስ ያደርግ፣ በረጠበ ሰፍነግም ያጠፋው ጀመር። የቀን መርሐ ግብሩም ተጽፏል፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ሥራ፣ እስከ 8 ሰዓት ምሳ፣ ንባብና የሒሳብ ምርመራ፣ ከዚያ እስከ 12 ሰዓት እንደገና ሥራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት መኝታ።

ከአሥራ ሦስቱ አልገራ ያለው ሥርዓት ነው። ዕቃና ወረቀት ቦታ ቦታውን ማስያዝ እስከ እርጅናው አልሆነለትም፤ ደንበኛ በፈለገው ሰዓት የሚመጣበት ባለሥራም መርሐ ግብሩን ሊጠብቅ እንደማይችል አምኗል። ይህ ሁሉ የተጻፈው በ1784 ፓሪስ አጠገብ፣ ፍራንክሊን የ78 ዓመት ዝነኛ ዲፕሎማት ሆኖ ሳለ ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ ስማቸው የማይታይ ሰዎችም አሉ። ሚስቱ ዴቦራ በራሪ ጽሑፎችን ታጥፍና ትሰፋ፣ ሱቅ ትጠብቅ፣ ለወረቀት ሠሪዎች የሚሆን አሮጌ ጨርቅ ትገዛ ነበር። ተለማማጆች ነበሩት፤ ባሪያዎችም ነበሩት፤ ጋዜጣው የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። በ1748 በ42 ዓመቱ ከማተሚያ ሥራ ሲገለል ድርጅቱን የተረከበው ዴቪድ ሆል የተባለ ሸሪኩ ሲሆን ትርፉን ለ18 ዓመት ተካፍለዋል።

ፍራንክሊን ስለ ምክር አቅም የዋህ አልነበረም። በዓመት ወደ 10,000 ቅጂ ይሸጥ ለነበረው የቀን መቁጠሪያ መጽሐፉ የመጨረሻ መግቢያ አድርጎ በ1757 የጻፈው ትረካ ላይ፣ አብርሃም የተባለ ሽማግሌ ሐራጅ እስኪከፈት ለሚጠብቁ ሰዎች ስለ ትጋትና ስለ ቁጠባ ረጅም ምክር ይሰጣል። ሰዉ ሁሉ እውነት ነው እያለ ያዳምጣል፤ ሐራጁ ሲከፈት ግን ምክሩን ረስቶ ይሻማል። ትረካው በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ሲዞር አንባቢ የያዘው ምክሩን ነው፤ ፌዙን ብዙ ሰው ዘለለው። በ1790 ሲሞት የተከፈተው ኑዛዜ ደግሞ ለምክር ሌላ መልክ ሰጠው። ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ አወረሰ፤ ገንዘቡ ተለማማጅነታቸውን ለጨረሱ፣ ትዳር ለያዙና ዕድሜያቸው ከ25 ላልበለጠ ባለሙያዎች በ5 ከመቶ ወለድ እንዲበደር፣ በአሥር ዓመት ተከፍሎ እንዲያልቅ አዘዘ። ተበዳሪው እንደ እቁብተኛ ሁለት የታመኑ ዋሶች ማቅረብ ነበረበት።

መጽሐፉን ከክፍሉ የለየው ሰው ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ነው ማለት ይቻላል፤ እርሱ ይህን ባያስብም። በሕክምና የተመረቀው ስማይልስ የሊድስ ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። ጥቂት ወጣት ሠራተኞች በክረምት ምሽት እየተገናኙ ያወቁትን እርስ በርስ ይማማሩ ነበር፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሒሳብ። ቁጥራቸው ወደ መቶ ሲጠጋ፣ ቀደም ሲል ለኮሌራ ሕመምተኞች ማቆያ የነበረ ጨለም ያለ ክፍል ተከራዩ፤ ሌላ ተከራይ የሸሸው ቤት ነበር። በ1845 ስማይልስን ንግግር እንዲያደርግላቸው ጋበዙት። ከዚያ ክፍል የወጣውን ንግግር አስፋፍቶ መጽሐፍ ቢያደርገው አንድ አሳታሚ አልቀበልም አለው፤ በ1859 በራሱ ወጪ ጆን መሪ ዘንድ አሳተመው፤ አሳታሚው በዚያው ወር የዳርዊንን የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፍም አውጥቷል። የስማይልስ መጽሐፍ በአንድ ዓመት 20,000 ቅጂ ተሸጠ፤ ደራሲው በ1904 ሲሞት ሩብ ሚሊዮን አልፎ ነበር። ውስጡ የግለሰቦች ታሪክ ነው፦ የእንፋሎት ሞተሩ ዋት፣ የባቡሩ ስቲቨንሰን፣ ምድጃው እንዳይጠፋበት የቤቱን ዕቃ እየሰባበረ የማገደው ፈረንሳዊ ሸክላ ሠሪ ፓሊሲ። የሊድስ ወጣቶች የሚታዩት በመግቢያው ላይ ብቻ ነው። ስማይልስ ቆየት ብሎ «ራስን መርዳት» የሚለው ርዕስ መጽሐፉን ራስ ወዳድነትን የሚያወድስ አስመስሎታል ብሎ አማርሯል።

መጽሐፉ ጃፓን ሲደርስ ሌላ ሥራ ሠራ። ናካሙራ ማሳናኦ የተባለ ምሁር በወቅቱ ጃፓንን ይገዛ የነበረው ሾገናዊው የጦር መንግሥት ወደ ለንደን ከላካቸው ተማሪዎች ጋር ሄዶ ሳለ መንግሥቱ በ1868 ወደቀ፤ ሲመለስ አንድ እንግሊዛዊ ወዳጁ የስማይልስን መጽሐፍ ሰጠው፤ በመርከብ ላይ እያነበበ ተጓዘ። ትርጉሙ በ1870 እና በ1871 ታተመ። የጦረኝነት ማዕረጋቸውንና ቀለባቸውን ያጡ የሳሙራይ ልጆች ከማዕረግ ውጭ የመኖሪያ መንገድ ይፈልጉ ስለነበር ተሻሙበት፤ በትምህርት ቤትም መማሪያ ሆነ። የቶዮታ ኩባንያ መሥራች ቤተሰብ አባት፣ የአናጢ ልጅ የነበረው ሳኪቺ ቶዮዳ ካነበቡት አንዱ ነው፤ የመጀመሪያውን የሽመና መሣሪያ ፓተንት ያገኘው በ1891 ነው። ጃፓን በዚህ ፍጥነት መሠልጠኗ የኢትዮጵያን ምሁራንም ስቧል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 በታተመው ጽሑፋቸው የጃፓንን መንገድ አርአያ አድርገው አቅርበዋል፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ ወጣት እንዴት ይክበር የሚል አልነበረም። የጉምሩክን፣ የመንገድን፣ የትምህርትንና የገንዘብን ሥርዓት ሳያስተካክሉ የነጋዴን ትጋት ብቻ መጠበቅ ለእርሳቸው ትርጉም አልነበረውም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ምክሩ ከሱቅ ወደ ቢሮ ገባ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር የሠራተኛን ሥራ የለካበት የሰዓት ቆጠራ ከፋብሪካ ወደ ጠረጴዛ ተሻገረ፤ ባለሱቅ የነበረው አንባቢም ተቀጣሪ፣ ሻጭና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የሚዙሪ ገበሬ ልጅ ዴል ካርኔጊ በ1912 ኒውዮርክ ውስጥ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር የማታ ክፍል ንግግር ማስተማር ጀመረ፤ ማኅበሩ የማታ ደመወዝ ስለነፈገው በድርሻ ተስማማ። ያዘጋጀው ትምህርት ገና በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ሲያልቅበት ተማሪዎቹን ስላናደዳቸው ነገር እንዲናገሩ ጠየቀ፤ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው፤ ዘዴው ተገኘ። በ1936 የታተመውና በአሥር ሚሊዮኖች የተሸጠው መጽሐፉ የዚያ ክፍል ጭማቂ ነው፤ የአሳታሚው ሰው ከተማሪዎቹ አንዱ ሆኖ ንግግሩን በአጭር ጽሕፈት ባያስይዘው ኖሮ መጽሐፍ ባልሆነ ነበር። ባለሀብቱ ዋረን ቡፌት በወጣትነቱ ትምህርቱን የወሰደው 100 ዶላር ከፍሎ በክፍል ውስጥ ነው፤ በቢሮው የሰቀለውም ያንን ምስክር ወረቀት ነው።

በዓመቱ፣ በ1937፣ የወጣው የናፖሊዮን ሂል መጽሐፍ ምክሩን ወደ ሐሳብ ኃይል ወሰደው፤ ሀብት ከጽኑ ምኞት ይጀምራል የሚል ነው። ሂል የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ አደራ ሰጥቶኛል ቢልም ማስረጃ አልተገኘለትም፤ የራሱ ንግዶች ደግሞ አንዱ ከሌላው ተከታትለው ወድቀዋል። ዴፎን ከሂል የሚለየው ኪሳራውን የትምህርቱ አካል ማድረጉ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት በፍጥነት ይታለፋሉ። በ1980ዎቹ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በፍራንክሊን ስም የቀን ዕቅድ ደብተር መሸጥ ጀመረ፤ ኩባንያው ስለ ሰባት ልማዶች በ1989 ከጻፈው ከስቲቨን ኮቪ ድርጅት ጋር በ1997 ተዋሃደ። ኢጣልያዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ የተሠራ የኩሽና ሰዓት ወስዶ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ደቂቃ ማጥናት የጀመረውም በዚያው ዘመን ነው።

የፍራንክሊን ምክር ወደ ኢትዮጵያ የደረሰበት መንገድ በዩኒቨርሲቲ በኩል ያልፋል። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር በ1904 እና በ1905 ስለ ፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና ስለ ካፒታሊዝም ሲጽፍ ዋና ምስክሩ ያደረገው ያንኑ የ1748 የፍራንክሊን ምክር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ የቬበርን ሐሳብ ይዞ በ1961 የስኬት ፍላጎት የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ አስፋፋ፤ ቀጥሎም ሕንድ ውስጥ ካኪናዳ በተባለች ከተማ ነጋዴዎችን አሠልጥኖ ፍላጎቱ በትምህርት ሊያድግ እንደሚችል ሞከረ። ከእርሱ ጥናት አሥር የሥራ ፈጣሪ ባሕርያት ተለይተው የተባበሩት መንግሥታት ኤምፕሬቴክ የተባለ የስድስት ቀን ሥልጠና አዘጋጀ፤ በ1988 አርጀንቲና ውስጥ ተጀመረ። በ2013 አዲስ አበባ ላይ የሥራ ፈጠራ ልማት ማዕከል ሲቋቋም የተጠቀመው ይህንኑ ሥልጠና ነው። አሥራ ሦስቱ ምግባሮች አሥር ባሕርያት ሆነው መጡ ማለት ነው፤ ዕድል መፈለግ፣ አለመታከት፣ ግብ ማስቀመጥ፣ ማቀድ።

በኢትዮጵያ ግን ክፍሉ መጽሐፉን ቀድሞት ነበር። የመርካቶ ነጋዴ ሥልጠና ሳይሰማ በሳምንት የሚጥለውን የእቁብ ገንዘብ በየቀኑ ከሽያጩ እየለየ ያስቀምጥ ነበር፤ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ዳኛው ያውቁታል፤ ዕጣ ሲወጣለት ዋስ ይጠራል፤ ቸግሮት ከሆነ ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ይለቅለታል። ጥሎ ከጠፋ ስሙ ከሌላው እቁብም ይጠፋል። የሥልጠናው አሥር ባሕርያት ስለዚህ ነገር የሚሉት ጥቂት ነው።

ምክር ብቻውን ስንት ያስገኛል የሚለውን በጥንቃቄ የለካ አንድ ሙከራ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ተካሂዷል። ውጤቱ በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የገበያ ትምህርት ተማረ፤ ሁለተኛው ጀርመናዊው ሚካኤል ፍሬሰ ያዳበረውን የግል ተነሳሽነት ሥልጠና ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከሁለት ዓመት በላይ ተከታትለው ሲለኩ የሁለተኛው ቡድን ትርፍ በ30 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። የአንደኛው ጭማሪ 11 ከመቶ ሲሆን ከአጋጣሚ የማይለይ ነበር። ሥልጠናው አራት ሳምንት ከፈጀው የክፍል ትምህርት በኋላ አላበቃም፤ አሠልጣኙ ለአራት ወራት በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ነጋዴ ሱቅ ድረስ እየሄደ የተማረውን ሥራ ላይ ማዋሉን ይከታተል ነበር።